ናዝሬት ላይ የጠራው ነዳጅ

ባለፈው መስከረም ልጄ ሰላማዊት በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና ገዝታ በራችን ላይ አቆመች። ክዳኑን ከፈትኩት። ካርቡራቶር የለ፣ ካንዴላ የለ፣ የዘይት መለኪያ ዘንግ የለ። ዕድሜዬን ሙሉ እጄን ያስለመድኩበት ነገር ሁሉ ተነሥቶ በምትኩ የተሸፈነ ሳጥን ተቀምጧል። «አባዬ፣ እዚህ ውስጥ አንተ የምትነካው ነገር የለም» አለችኝ፤ ማረፍህ ነው ማለቷ ነበር። ቅር አለኝ፣ አልዋሽም። ጡረታ ስወጣ የግድግዳ ሰዓት ሸልመው ሲሸኙኝ እንኳ እንደዚያን ቀን ጡረተኛ መሆኔ አልተሰማኝም።

ቀጥላም «ያለ ቤንዚን የሚሄድ መኪና ታየ እኮ በዘመንህ!» ብላ አሾፈች። እኔ ደግሞ በባሕርዬ ሲያሾፉብኝ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። «አንቺ ልጅ፣ እኔና አንድ የወሎ ሰው አንቺ ሳትወለጂ ናዝሬት ላይ መኪና በስኳር አተላ ነድተናል» አልኳት። አላመነችኝም። ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው፤ ሌላውም ቢያነበው አልጠላም።

ሥራ የጀመርኩት ሻሸመኔ ነው፤ የጭነት መኪና ዕቃ በናፍታ አጣቢ ሆኜ። ከዚያ ጎማ፣ ከዚያ ፍሬን፣ ከዚያ ሞተር። በደርግ ጊዜ ናዝሬት ወደሚገኝ አንድ የመንግሥት ጋራዥ ተዛወርኩ፤ ደመወዙ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን ሞልቶ ነበር። ምክንያቱም ጋራዡ ውስጥ ጋሽ ይመር ነበሩ።

ጋሽ ይመር የወሎ ሙስሊም ናቸው። ሙያውን በልጅነታቸው ኮምቦልቻ ላይ ከአንድ ጣሊያን ተምረው፣ ናዝሬት መጥተው የራሳቸውን ጋራዥ ከፍተው ነበር። ጋራዡ ያለበት ቤት በአዋጅ ሲወረስ መፍቻዎቻቸውን በሣጥን ይዘው መጡና ተቀጠሩ። በዚያ ዘመን «የቀድሞ ባለ ጋራዥ» መባል ጥሩ ስም አልነበረም፤ ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ ከኋላ ይቀመጡ ነበር። ሞተር ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን እስከ ክርን ይታጠባሉ። «ሲጨርሱ መታጠብማ ማንም ይታጠባል» ይላሉ። ማስታወሻቸውን የሚጽፉት በአማርኛ ነው፤ ፊደሉ ግን የዓረብ ነው፤ እንደዚያ ነበር አባታቸው ያስተማሯቸው። ስለዚህ ከእሳቸው በቀር ማንም አያነበውም።

ቤንዚን በኩፖን በሆነበት ጊዜ ከላይ መመሪያ መጣ፤ በቤንዚን ፋንታ የሚነድ ነገር በየአካባቢው ይፈለግ የሚል። ሥራ አስኪያጃችን ጓድ ተፈራ ሠራተኛውን ሰበሰበና «ከስኳር ፋብሪካው አንድ በርሜል አልኮል ተፈቅዶልናል። ለማን ልስጠው? እዚህ ቤት የማይጠጣ ማነው?» አለ። ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። ሁለት እጅ ብቻ ወጣ፤ የጋሽ ይመርና የእኔ። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ያኔ ይህን ጮክ ብሎ መናገር አደጋ ነበር፤ ግን እንደማልጠጣ ሁሉም ያውቃል። የከተማው አረቄ ወዳጅ ሁሉ «ለጾመኛ ቁርጥ ሰጡት» እያለ ቀለደብን። እንዲህ ነው ለምርምር የተመረጥነው።

አሁን ስለ ሥራው ልናገር፤ እዚህ ላይ መኩራት መብቴ ይመስለኛል። ጋሽ ይመር በወሬ አያምኑም። «ይኸኛው ይሻላል፣ ያኛው ይሻላል ማለት የሻይ ቤት ነው፤ መንገዱ ይናገር» አሉ። አንዲት አሮጌ ቮልስ ተሰጠችን። የነዳጅ ጎሚናዋን፣ ቱቦዋን ማለቴ ነው፣ ነቅለው ልክ አንድ ሊትር ከምትይዝ የብርጭቆ ዕቃ ጋር አገናኙት፤ ዕቃዋ ከሾፌሩ ጎን ታስራ ትታያለች። ከጋራዡ በር እንነሣና ወደ ደራ ከተማ በሚወስደው መንገድ ቀጥ ብለን እንነዳለን። ሊትሩ አልቆ ሞተሩ ሲጠፋ፣ መኪናዋ በቆመችበት ጠርዝ ላይ ጋሽ ይመር ድንጋይ ያስቀምጣሉ፤ ነጭ ቀለም ይቀቡታል፤ ምልክት ያደርጉበታል። ቤንዚን መጀመሪያ ተነዳ፤ ድንጋዩ ተቀመጠ። ሌላው ሁሉ ከዚያ ድንጋይ ጋር ይወዳደራል።

ያልሞከርነው የለም። የጉሎ ዘይት በየአጥሩ ስላለ ከእሱ ጀመርን። ወፍራም ነው፤ በካርቡራቶሩ ጠባብ ቀዳዳ አልፎ አይረጭም፤ ከቤንዚን ጋርም በወጉ አይዋሃድም። ቮልሷ አንድ ጊዜ አስነጥሳ ቆመች። ጋሽ ይመር ግን በፍርድ አያዳሉም፤ ድንጋይ ቀብተው እዚያው በሩ ሥር አስቀመጡለት። በኋላ ጉሎ ከአልኮል ጋር እንደሚስማማ አገኙና አልኮሉ ያደረቀውን ቫልቭ እንዲያለሰልስ አንድ ማንኪያ ይጨምሩበት ጀመር። የሚናቅ ነገር የለም ያሉኝ ያኔ ነው።

ከዚያ አርሲ ነገሌ ሄድን፤ የበቆሎ አረቄ አገር። አዴ ጫልቱ የሚባሉ ታዋቂ አረቄ አውጪ ዘንድ ገባን። ተራው አረቄ ውኃው ስለሚበዛ ሞተር ውስጥ አይነድም፤ ስለዚህ ዳግመኛ፣ ከዚያም ሦስተኛ እንዲያወጡልን ጠየቅናቸው።

«ለማን ነው እንዲህ የሚያቃጥለው?» አሉ።

«ለመኪና ነው፣ አዴ።»

«ዋቃዮ! አምላኬ! ሰካራም መኪና ነው የምትነዱት? ገደል ቢገባ እኔን እንዳትጠሩ!»

አረቄያቸው ግን ነደደ። ቮልሷ ዘፈነች ማለት ይቻላል፤ ድንጋዩም ሩቅ ተቀመጠ። እኔ ደስ ብሎኝ ሳጨበጭብ ጋሽ ይመር አላጨበጨቡም። አዴ ጫልቱ ዘንድ ሁለት ቀን ተቀምጠው የቆጠሩት ሌላ ነገር ነበር፤ ያቺን ጀሪካን ለማውጣት ስንት አህያ ጭነት እንጨት እንደነደደና ስንት ቁና በቆሎ እንደገባ። «ይህ ነዳጅ አይደለም፤ ሌላ ነዳጅና የሰው እህል በልቶ የሚመጣ እንግዳ ነው። ድርቅ ባለበት አገር የሰው እህል በሞተር አይበላም» አሉ። ድንጋዩን ግን አላነሡትም፤ እውነት ነውና።

የስኳሩ አተላ፣ ሞላሰስ የሚሉት፣ ያኔ አቧራ እንዲያስተኛ መንገድ ላይ የሚደፋ ነበር። ከእሱ የወጣው ያ የተፈቀደልን የበርሜሉ አልኮል ብቻውን ሲነዳ ከቤንዚኑ ድንጋይ ብዙ ወደኋላ ቀርቶ ቆመ። አራት እጅ ቤንዚን በአንድ እጅ አልኮል ስናደርገው ግን ከቤንዚኑ ድንጋይ አጠገብ ደረሰ፤ በእግሬ ለክቼዋለሁ። የሰው ምግብ አልነካ፣ ዛፍ አልቆረጠ። አሸናፊው እሱ ሆነ።

አንድ ጠላት ብቻ ነበረው፤ ውኃ። አልኮሉ ውስጥ ጥቂት ውኃ ከቀረ ቤንዚኑ ይለየዋል፤ ውኃና አልኮሉ ከታች ይቀመጣሉ፤ ሞተሩም ከታች ያለውን ስቦ ይጠፋል። ጋሽ ይመር ውኃውን የሚያስወግዱት ባልጠፋ፣ ገና ውኃ ባልነካው ኖራ ነው፤ አልኮሉ ውስጥ ያሳድሩታል፤ ኖራው ውኃውን ይጠጣል፤ ከላይ ያለውን ያጠልሉታል። ሌላ ዘዴም ነበራቸው። ድብልቁን በትንሽ ጠርሙስ ይቀዱና በረዶ ውስጥ ያስቀምጡታል፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥተው እስኪጨርሱ። ከደፈረሰ ነዳጁ ወደ ኖራው ይመለሳል። «ናዝሬት ቆላ ናት፤ እዚህ ሁሉም ይጠራል። ነዳጅ ግን ዳገት ይወጣል፤ ዳገት ላይ ብርድ አለ» ይሉኝ ነበር።

በረዶው የሚመጣው ዛሬ ባቱ ከሚባለው ከዝዋይ ነው። የዓሣ መኪና ዓሣውን በበረዶ አድርጎ ረቡዕና ዓርብ፣ ጾመኛው ዓሣ ሲፈልግ፣ ናዝሬት ይገባል። ጥሩንባውን ሲነፋ እኔ በቆርቆሮ ስባሪ በረዶ ልለምን እሮጣለሁ። አንድ ሙስሊምና አንድ ጴንጤ የኦርቶዶክስን ጾም እየጠበቅን እንሠራ ነበር።

ከአዲስ አበባ እንግዳ መጥቶ ሥራችንን እንዲያይ ቀን ተቆረጠ። ከናዝሬት በደራ አድርገን አሰላ ድረስ እንድንወጣ፣ ከተሳካ ሥራው በሌሎች የመንግሥት መኪኖች ላይ እንዲቀጥል ተወሰነ። ጋሽ ይመር ጠሩኝና «ነዳጁን አንተ አዘጋጅ። እኔ ሞተሩን አያለሁ» አሉኝ። ያን ያህል አምነውኝ አያውቁም። ደረቴ ተነፋ።

ቀኑ ሰኞ ነበር። የኖራውን ጆንያ ከቀናት በፊት ከፍቼ አፉን ሳላስር ትቼው ነበር፤ አየር የጠጣ ኖራ ውኃ አይጠጣም፤ ይህን አውቃለሁ፣ ግን «ይበቃዋል» አልኩ። በማለዳ ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ አነሣሁት፤ እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቷል። ሰኞ ጾም የለ፣ ዓሣ የለ፣ በረዶ የለ። ጋሽ ይመር እጃቸውን እየታጠቡ «አየኸው?» አሉኝ።

«አየሁት» አልኩ።

በረዶ ላይ ነወይ አላሉኝም። እኔም አልጨመርኩም። በሕይወቴ ብዙ ሞተር አበላሽቼ ጠግኛለሁ፤ ከዚያች አንዲት ቃል የሚብስ ጥፋት ግን የለኝም።

ጋሽ ይመር ነዱ፤ ከአዲስ አበባ የመጣው እንግዳ ከጎናቸው፣ እኔ ከኋላ፤ ጓድ ተፈራ በላንድሮቨር ይከተለናል። ደራን በደህና አለፍን። እንግዳው ሳይቀር «ግሩም ነው» አለ። ከዚያ ዳገቱ መጣ፤ ደመናው ወረደ፤ መስኮቱ ላብ አወጣ። አንድ ጠመዝማዛ ላይ ሞተሩ አሳለ፣ እንደገና አሳለ፣ ጠፋ። ጋሽ ይመር ወረዱና የነዳጅ ማጣሪያዋን ብርጭቆ ፈቱ። ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ፣ መሐሉ ላይ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል መስመር። አዩኝ።

«በረዶ ላይ አይተኸዋል?» አሉ ቀስ ብለው።

መልሴን አልጠበቁም፤ ፊቴን አንብበውታል። «በል ካሁን በኋላ ዝም በል። ሚስትህ ነፍሰ ጡር ናት» አሉና ብርጭቆውን መልሰው አሰሩ።

እንግዳው «ውኃ ጨምራችሁበታል! ይህ የለየለት የኢኮኖሚ አሻጥር ነው! ማነው ያዘጋጀው?» ብሎ ጮኸ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ይመር። ከዚያ፣ ሰው ሁሉ እየጮኸ፣ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አንሥተው መኪናዋ የቆመችበት ቦታ ላይ አስቀመጡ። ቀለም ግን አልያዙም ነበር።

የዚያኑ ዕለት ታሰሩ። ማስታወሻ ደብተራቸውም ተወሰደ፤ ማንም ሊያነበው ስላልቻለ የሚስጥር ጽሕፈት ተባለ። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ጉዳዩ ወደ ላይ ካለፈ መመለሱን የሚያውቅ አልነበረም። እኔም ዝም አልኩ። ረቡዕ የዓሣው መኪና ጥሩንባውን ሲነፋ ሰማሁ፤ አልወጣሁም። ዓርብም ነፋ፤ አልወጣሁም። ፈራሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

እሑድ ጠዋት ተንበርክኬ ስነሣ ባለቤቴ ብርሃኔ በር ላይ ቆማለች። «እየጸለይክ ስትናዘዝ ሰማሁህ» አለችኝ። «እግዚአብሔር የሚያውቀውን ለእግዚአብሔር ትነግረዋለህ። ለማያውቀው ለጓድ ተፈራ ለምን አትነግረውም?»

«ብታሰርስ? አንቺስ?»

«እኔ የታሰረ ባል ስንቅ ማመላለስ አያቅተኝም። እንዲህ ሆኖ የሚቀመጥ ባል ነው የሚያቅተኝ።»

ጃኬቴን አነሣሁ። ሆኖም በባዶ እጅ ሄጄ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብል ጋሽ ይመር «ውሸቱን ነው፣ ሊያድነኝ ነው» እንደሚሉ አውቃለሁ። መታየት አለበት። የተረፈው ድብልቅ ጀሪካን ውስጥ አለ። የጎደለው በረዶ ነው። በማግስቱ ሰኞ የተጠራው ስብሰባ ደግሞ ጉዳዩ ወደ ላይ ይተላለፍ ወይስ አይተላለፍ የሚወሰንበት ነው፤ የረቡዕን መኪና መጠበቅ አይቻልም። በዚያው ዕለት ወደ ዝዋይ ሄድኩ።

ሰኞ ገና ሳይነጋጋ ዓሣ ማከማቻው በር ላይ ነበርኩ። «አካም ቡልቴ» አልኩት የዕቃ ግምጃ ቤቱን ሰው። ሰላምታውን መለሰና ስንት ኪሎ ቆሮሶ ዓሣ እንደምፈልግ ጠየቀኝ።

«ዓሣ አይደለም፤ በረዶ ብቻ።»

«ዓሣ የሌለው በረዶ ምን ያደርግልሃል?»

ሁሉንም ነገርኩት፤ ከማላውቀው ሰው ጋር መናዘዝ ይቀልላል። ሰውዬው ገብቶ ትልቅ በረዶ በጆንያ ጠቅልሎ፣ በጭድ ሸፍኖ አወጣልኝ። ሽንኩርት የጫነ ኢሱዙ ላይ ወጣሁና ጆንያውን ታቅፌ ተቀመጥኩ። መቂ ስንደርስ ሱሪዬ ረጠበ። ዓለም ጤና ላይ ፀሐዩ በረታ። ሞጆ ላይ ሾፌሩ ቁርስ ልብላ ሲል ልለምነው እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም፤ ሳቀብኝና ነዳው። ናዝሬት ስገባ በረዶው የድፎ ዳቦ ያህል ቀርቶ ነበር።

ስብሰባው ተጀምሯል። ጆንያዬ አዳራሹን ያንጠባጥብበታል።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ ጓድ ተፈራ።

«ማስረጃ ነው፣ ጓድ።»

ከጀሪካኑ የቀዳሁትን ጠርሙስ ለሁሉም አሳየሁ። ጠርቷል። በረዶው ውስጥ ሰካሁት። ደቂቃ ሄደ፤ ምንም የለም። ሌላ ደቂቃ ሄደ። አንዱ ከኋላ መሳቅ ጀመረ። ከዚያ ጠርሙሱ ጭጋግ ለበሰ፤ ወተት የገባበት መሰለ፤ ቀስ በቀስም ከታች መስመሩ ወጣ።

«ውኃ የጨመረ የለም» አልኩ። «አልኮሉ ውስጥ የነበረውን ውኃ ኖራው አልጠጣውም፤ ጆንያውን ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ። ሳልፈትሽ አየሁት ያልኩትም እኔ ነኝ። ደብተሩ ውስጥ ያለውም ይኸው የበረዶ ፈተና ነው፤ ሌላ ሚስጥር የለውም። የጋሽ ይመር ጥፋት እኔን ማመናቸው ብቻ ነው።»

ጓድ ተፈራ ጠርሙሱን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ወስዶ አየ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር፤ ያኔ ማን ያልፈራ አለ። «ሁለት ሰዎች ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብለው ሲሻሙ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» አለ። ጉዳዩ እዚያው ቀረ። እኔ የደመወዝ ጭማሪዬ ታገደ፤ ሥራው ሲያልቅ ወደ ቡልቡላ የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ ሆኜ እንድዛወር ተጻፈ። ጋሽ ይመር እንዲፈቱ ታዘዘ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልበለው። በሳምንቱ እንደገና ወጣን፤ አሰላ ገባን፤ ሞተሩ አንዴም አላሳለም። ዳገቱ ላይ ያለቀለም የቀረውን ድንጋይ ጋሽ ይመር አስነሥተውኝ ጭኔ ላይ ይዤው አሰላ መግቢያ ላይ አስቀመጥኩት፤ ቀለሙንም እኔ ቀባሁት። ሪፖርታችን ተላከ፤ ተመሰገነ፤ ቤንዚኑ ሲሻሻል መሳቢያ ውስጥ ገባ። ከብዙ ዓመታት በኋላ በሬዲዮ ቤንዚን ከስኳር አልኮል ጋር እየተደባለቀ ሊሸጥ ነው ሲባል ስሰማ ቡልቡላ ሆኜ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ጋሽ ይመር ያን ሳይሰሙ አልፈዋል። እኛ ግን ቀድመን አውቀነዋል፤ በድንጋይ ለክተነዋል።

ልጄ ሆይ፣ የአሰላውን ቀን የሥራዬ ትልቁ ቀን አድርገሽ እንዳትወስጂው። ትልቁ ቀን የሰኞው ከሰዓት ነው፤ ጋሽ ይመር ከእስር ሲወጡ በር ላይ የጠበቅኋቸው ጊዜ። ጢማቸው አድጎ፣ ጫማቸው ክር የለውም። አቀፉኝ። ከዚያ አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉ።

«ጃኬትህ ዓሣ ዓሣ ይላል። ዛሬ ረቡዕ ነው እንዴ?»

«አይደለም ጋሽ ይመር። ሰኞ ነው።»

ቀኑን ሲቆጥሩ አየሁ። እስከ ጉልበቴ የረጠበውን ሱሪዬን አዩ፤ የዝዋይን መንገድ በሙሉ እሱ ላይ ያነበቡት መሰለኝ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ የእኔም። ከዚያ ያቺኑ የዚያን ማለዳ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«አየኸው?»

«አየሁት ጋሽ ይመር» አልኩ። «በረዶ ላይ።»